ርካሹ የዶሮ መመገቢያ ከጉዳት የጸዳ እንዲሆን

በአገራችን የዶሮ እርባታ ከጓሮ ሥራነት አልፎ የቤተሰብ የገቢ ምንጭ ወደመሆን በመሸጋገር ላይ ይገኛል። በተለይም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ የዶሮ ሥጋና የእንቁላል ምርት ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር ተደምሮ የሥራው ዋነኛ ክፍል ሆኖ ተይዟል። ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ኮይኮይን የመሳሰሉት የተሻሻሉ ዝርያዎችም በገጠሩም ሆነ በከተሞች ዳርቻ ወደሚገኘው ቤተሰብ በስፋት እየገቡ ናቸው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዶሮዎች ጋር አብሮ የመጣ አንድ ጉዳይ የሚገባውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። ይኸውም ዶሮዎቹ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ዕቃ ጉዳይ ነው። የአገራችን ዶሮ በግቢውና በማሳው ዳር ጭራ የምታድር በመሆኗ፣ ጠዋት ከሚበተንላት ጥቂት እህል በስተቀር የተለየ መመገቢያ አትጠይቅም። የተሻሻለችው እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የሚሆን የተመጣጠነ መኖ በየዕለቱ ካላገኘች የሚጠበቅባትን ያህል አትጥልም። ስለዚህ መመገቢያ የግድ ያስፈልጋታል።

በእንቁላል እርባታ ከሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። የመኖ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አርቢው በሌላ በኩል ለመቆጠብ ይገደዳል። ከሁሉም አስቀድሞ የሚቆጥበውም በመመገቢያው ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣውን ገዝቶ ከማምጣት ይልቅ ከዘይት ጀሪካን፣ ከወተት ዱቄት ጣሳ፣ ከቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከሣንቃ፣ ከቀርከሃ ወይም ተጠጥቶ ከተጣለ ሃይላንድ የራሱን ይሠራል።

ይህ የሚነቀፍ ሳይሆን ሊበረታታ የሚገባው ነው። ከውጭ ምንዛሪ ጥገኝነት ያድናል፣ የአካባቢውን ባለ እጅ ሥራ ያስገኛል፣ ሲሰበርም ወዲያው የሚጠገን ነው። ችግሩ የሚመጣው ርካሽነቱ ብቻ ታይቶ ደኅንነቱ ሲዘነጋ ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት ዶሮዋ ራሷን የሚጎዳውን ነገር ፈልጋ እንደምታወጣ ያመለክታል። በአንዳንድ ደጃፍ ግን ፈልጋ እንድታወጣው እንኳ አላስፈለገም። ካራው ከመኖው ጋር ቀርቦላታል።

የሞት መንስኤ ሲምታታ

ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው ከመመገቢያው የሚመጣው ጉዳት በቀላሉ የማይታወቅ መሆኑ ነው። እርሳስ ወይም ዚንክ የገባባት ዶሮ ትደክማለች፣ መኖ ትጠላለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ ኩሷም አረንጓዴ ይሆናል። ፈንግል የያዛትም ዶሮ እንዲሁ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አርቢው ዶሮዎቹ ሲደክሙና ሲሞቱ ባየ ጊዜ ወዲያውኑ የሚያመካኘው በበሽታ ነው። ክትባት አስከትቦ ከሆነ ደግሞ «ክትባቱም አልሠራ» ይላል።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት እጥፍ ነው። በአንድ በኩል መንስኤው ባለበት ስለሚቀር አዲስ የተገዙትም ዶሮዎች በዚያው ዕቃ መመገባቸውን ይቀጥላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰው ክትባት በጎረቤቱ ሁሉ ዘንድ አመኔታ ያጣል። ፈንግል አንድን መንደር በሙሉ ዶሮ አልባ ሊያደርግ የሚችል በሽታ እንደመሆኑ፣ ክትባቱ መጠላቱ ከአንድ መጥፎ ጣሳ እጅግ የከፋ መዘዝ ያመጣል።

የጤናው ጉዳይ በዶሮዋም ላይ አያበቃም። ዶሮዋ የዋጠችው እርሳስ ወደ እንቁላሉ አስኳል እንደሚያልፍ ተረጋግጧል። አንዳንድ የፀረ ተባይ መርዞችም በስብ ውስጥ የሚከማቹ በመሆናቸው በእንቁላል ውስጥ ይገኛሉ። እንቁላሉ በቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ነው። ሕፃኑን ያፋፋል የተባለው ምግብ ጉዳት ይዞለት እንዳይመጣ ጥንቃቄው ከመመገቢያው መጀመር ይኖርበታል።

ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?

መመገቢያ ለመሥራት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። የምግብ ዘይት፣ የወተት ዱቄት፣ የቲማቲም ድልህ ወይም የሚጠጣ ውኃ የያዘ ዕቃ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ከደረቀ ለዶሮ መመገቢያነት ሊውል ይችላል። የፀረ ተባይ፣ የፀረ አረም ወይም የከብት ማጥመቂያ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመኖም ሆነ ለውኃ መዋል የለበትም። ፕላስቲክ መርዙን ወደ ገላው ስለሚመጥ፣ ከታጠበ በኋላም ቀስ በቀስ መልሶ ይለቀዋል። ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

የአትክልት እርሻ በተስፋፋባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ባዶ የመድኃኒት ዕቃን ለቤት አገልግሎት የማዋል ልማድ መኖሩ በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል። አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ብታወጣም፣ ባዶው ዕቃ በየማሳው ዳር ወድቆ እስከተገኘ ድረስ ጠንካራና ክዳን ያለው በመሆኑ የአርቢውን ዓይን መሳቡ አይቀርም። ትክክለኛው አሠራር ዕቃው መርዙ እንዳለቀ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ ልቃላቂው በዚያው ለርጭት ከዋለ በኋላ፣ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት መበሳት ነው። በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከረጢትም ለመኖ ማስቀመጫ አይሆንም።

ከዚህ በመቀጠል የሚታየው ዕቃው የተሠራበት ነገር ነው። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ደረቅ መኖ ቢቀርብበት ይህን ያህል አያሠጋም። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ለዶሮ የጠላና የአረቄ አተላ ይሰጣል። አተላ ኮምጣጣ በመሆኑ የቆርቆሮውን ዚንክ እያሟሟ ከመኖው ጋር ይቀላቅለዋል። ስለሆነም አተላና ማንኛውም የኮመጠጠ ወይም የራሰ ምግብ በሸክላ ጣባ፣ በእንጨት ገበቴ ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ይቅረብ እንጂ በቆርቆሮ አይቅረብ። መገጣጠሚያው በእርሳስ የተጣበቀ ጣሳ፣ አሮጌ ቀለሙ የሚላላጥ ላሜራ፣ የሞተር ዘይት የነበረበት በርሜልና የመኪና ባትሪ ሣጥን ከናካቴው ሊታሰቡ አይገባም።

እንጨትም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ አጠና፣ ወይም ከአሮጌ የስልክና የመብራት ምሰሶ የተሰነጠቀ ሣንቃ መርዛማ ነገር የተነከረ ስለሆነ ለመመገቢያ አይበጅም። ቀርከሃ በሚበቅልበት አካባቢ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል። እዚህ ላይ የቆላው ቀርከሃ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን በመሆኑ ለዚህ ሥራ እንደማያመች፣ የደጋው ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተስማሚ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ከተሰነጠቀ በኋላ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ በመሆኑ በሞረድ ወይም በሻካራ ድንጋይ ተፍቆ መለስለስ አለበት።

ስለት፣ ቀዳዳና ሽቦ

ዶሮ በቀን ውስጥ ወደ መመገቢያዋ ደጋግማ አንገቷን ታስገባለች። በተቆረጠ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ በራሷ ያለው ወይም ከአገጯ ሥር የተንጠለጠለው ቀይ ሥጋ ቢቆረጥ፣ ቁስሉ ብቻ አይደለም የሚጎዳት። ሌሎቹ ዶሮዎች ደም ሲያዩ እየመጡ ይነክሷታል። በዚህ ዓይነት የተጀመረ መናከስ መንጋውን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። ስለዚህ የቆርቆሮ ጠርዝ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ መደፍጠጥ አለበት። ማጠፍ የማይቻል ከሆነ ለሁለት የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ቢለበስበት ይበቃል። በጣት ተዳብሶ ጣትን የማይቧጭር ጠርዝ ለዶሮም አይከፋም።

በጀሪካን ላይ የሚወጣው ቀዳዳ የዶሮዋን ዕድሜና ዝርያ የተከተለ መሆን ይገባዋል። ራሷን አስገብታ ያለ ችግር ማውጣት ካልቻለች ታንቃ ልትሞት ትችላለች። በሌላ በኩል ለትልቅ ዶሮ ተብሎ በተበሳ ቀዳዳ ጫጩት ሙሉ በሙሉ ትገባና መውጫ ታጣለች። ለአንዱ ዕድሜ የተበጀ መመገቢያ ለሌላው ወጥመድ ሊሆን ስለሚችል፣ ጫጩትና እናት ዶሮ በአንድ ግቢ በሚውሉበት ቤት ከተዘጋ ጀሪካን ይልቅ ክፍት ገንዳ ይመረጣል።

የሽቦ ቁራጭ፣ የምስማር ጫፍና የናይሎን ክር ሌላው አደጋ ነው። ዶሮ የምታብረቀርቅን ነገር ሁሉ የምትለቅም እንስሳ ናት። የዋጠችው ሽቦ እህል በምትፈጭበት ጨጓራዋ ውስጥ እየተገፋ ግድግዳውን ሊበሳው ይችላል። ናይሎን ክር ደግሞ አንጀቷን ያስራል፣ እግሯ ላይ ተጠምጥሞም ያሽመደምዳታል። ስለዚህ መመገቢያው ዶሮዎቹ በሌሉበት ቦታ ተሠርቶ፣ ሥፍራው ተጠርጎ፣ ብናኙና ቁርጥራጩ ሁሉ ተለቅሞ መጣል አለበት። የጠበለለ ነጭ ፎምም ዶሮ እየነቀለች የምትበላው በመሆኑ ለመመገቢያም ሆነ ለቤቱ ግድግዳ አይበጅም። የመኪና ጎማ ለገንዳነት ሲቆረጥም የውስጥ ሽቦው ብቅ እንዳይል መጠንቀቅ ያሻል።

በመሬት ላይ የሚቀረው መኖ

ደኅንነትና ቁጠባ ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። በአግባቡ ያልተሠራ መመገቢያ መኖ ያፈሳል፤ የፈሰሰው መኖ ከኩስና ከእርጥበት ጋር ይደባለቃል፤ ዶሮዋም መልሳ ትለቅመዋለች። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ የጫጩት በሽታ የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህም በላይ የፈሰሰ መኖ አይጥንና የዱር ወፎችን ይጠራል። እነርሱ ደግሞ በሽታን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚያጓጉዙ ናቸው።

በዶሮ እርባታ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ገንዳው እስከ አፉ ከተሞላ ከመኖው 30 በመቶ ያህሉ ይባክናል። ሁለት ሦስተኛው ድረስ ከተሞላ ብክነቱ ወደ 10 በመቶ፣ እስከ ግማሹ ከሆነ ወደ 3 በመቶ፣ አንድ ሦስተኛው ድረስ ብቻ ከተሞላ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

ይህ በብር ቢሰላ ቀላል አይደለም። 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያሉት ቤተሰብ ለእያንዳንዷ 120 ግራም ቢያቀርብ በቀን 6 ኪሎ፣ በወር 180 ኪሎ መኖ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ቢፈስ በየወሩ 54 ኪሎ፣ ማለትም ከግማሽ ኩንታል በላይ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ገንዳውን እስከ ግማሹ ብቻ በመሙላት ይህንኑ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ማውረድ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን በቀን አንድ ጊዜ የሚሞላውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍሎ መሙላት ነው።

የገንዳው ከንፈር ከቆመች ዶሮ ጀርባ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ጫፉም ጥቂት ወደ ውስጥ ቢታጠፍ፣ ዶሮዋ በመንቁሯ መኖውን ጠርጋ ማፍሰስ አትችልም። ጫጩቶች እያደጉ ሲሄዱ ከሥሩ ጡብ በመደረብ ማሳደግ ይቻላል። ዶሮዎች ላዩ ላይ ሰፍረው እንዳይኮሱበት ደግሞ ከገንዳው በላይ ድቡልቡል እንጨት በሁለት ምስማር ላይ እንዲሽከረከር ሆኖ ይገጠማል። የቆመችበት ዶሮ ስለሚያንከባልላት ዳግመኛ አትሞክረውም።

የቦታ ጥበትም የራሱ ጉዳት አለው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በገንዳ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ለ50 ዶሮዎች በሁለቱም በኩል የሚበላበት 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ገንዳ ይበቃል ማለት ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ዕድሜ ላለች ጫጩት 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ ስድስት ሳምንት ላለችው 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ኃይለኞቹ በልተው ሲጠግቡ ደካሞቹ ይራባሉ። አርቢውም መኖ ሰጥቶ ሳለ ግማሹ መንጋ ለምን እንደከሳ ግራ ይገባዋል።

ውኃና ሻጋታ

ዶሮ ከምትበላው መኖ ሁለት እጥፍ የሚሆን ውኃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ከዚህም ይበልጣል። ለ50 ዶሮዎች በቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ማቅረብ ያስፈልጋል። በዝርግ ሣህን ላይ የተደፋ ሃይላንድ ወይም ጀሪካን ርካሽና ንጹሕ መጠጫ ይሆናል። ምስጢሩ ቀዳዳው ላይ ነው። ከዕቃው አፍ አጠገብ የሚበሳው ቀዳዳ ከሣህኑ ከንፈር ዝቅ ያለ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ውኃው ቀዳዳውን እንደሸፈነ መውረዱን ያቆማል፣ ሲጠጣለት ደግሞ መልሶ ይወርዳል። ቀዳዳው ከሣህኑ ከንፈር በላይ ከሆነ ግን ውኃው ፈስሶ ጉዝጓዙን ያበሰብሰዋል።

ለጫጩት የሚቀርብ ሣህን ጥልቀት የሌለው ይሁን። ጥልቅ ከሆነ ታጥቦ የጸዳ ጠጠር ይጨመርበት። አለዚያ ጫጩቶች ገብተው ይሰምጣሉ፤ ባይሰምጡም ረጥበው በብርድ ይሞታሉ።

ውኃና መኖ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መኖው መራሱ አይቀርም። የራሰ መኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የዶሮን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። መርዙ በአገራችን መኖ ውስጥ እንግዳ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተትና በመኖ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ጥናት ዋነኛው ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ስለሆነም የጋገረና የሻገተ መኖ ከገንዳው ጥግ በየዕለቱ ተጠርጎ መጣል እንጂ በአዲስ መኖ መሸፈን የለበትም። መመገቢያው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መጠጫው ግን በየቀኑ ይታጠብ። በበረኪና የታጠበ ዕቃ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በፀሐይ እስኪደርቅ መቆየት ይኖርበታል። ለማጽዳት የማይመች፣ እጅ የማይገባበት መመገቢያ ከመጀመሪያውም ባይሠራ ይሻላል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከፍተኛ ዕውቀት ወይም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ታዲያ ለምን አልተስፋፋም ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው ሥራው በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነው። ዶሮ ሲሰራጭ የሚቆጠረው የተሰጠው ጫጩትና ቄብ ብዛት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ የሞተውስ በምን እንደሞተ የሚመዘገብበት ቦታ ጥቂት ነው። ሞቱ ሲመዘገብም «በበሽታ» ተብሎ ያልፋል። የዶሮውን ሞት ከሚበላበት ዕቃ ጋር አያይዞ የሚጠይቅ ከሌለ ደግሞ ችግሩ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥልጠናው የሚደርሰው ሰውና ሥራውን የሚሠራው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። በአብዛኛው የገጠር ቤት ዶሮን የምትመግበው፣ ውኃ የምታቀርበውና ኩሱን የምትጠርገው እናት ወይም ልጅ ናት። ወደ ስብሰባው የሚጠራው ግን የቤቱ አባወራ ነው። የመድኃኒቱን ዕቃ ከማሳ ይዞ የሚመጣው እርሱ፣ በዚያው ዕቃ ውኃ የምትቀዳው እርሷ በሆኑበት ቤት፣ ለሁለቱም ያልተነገረ ምክር ለማንም እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

መፍትሔው አርቢው የግድ የፋብሪካ ዕቃ እንዲገዛ መገፋፋት አይሆንም። አምስት ዶሮ ላላት እናት የፋብሪካ መመገቢያ ከዶሮዎቿ ጋር የማይመጣጠን ወጪ ነው። ከዚህ ይልቅ በየቀበሌው ባሉት የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሎች ከአካባቢው ዕቃ የተሠሩ ሦስትና አራት ዓይነት ናሙናዎች ቢቀመጡ፣ የልማት ሠራተኞችም ዶሮ ከመከፋፈሉ በፊት መመገቢያውን በዓይናቸው ቢያዩ፣ ብዙ ጥፋት በቀላሉ ሊቀር ይችላል። በየገበያው የሚገኙት የቆርቆሮ ሠራተኞችና አናጢዎች፣ በቴክኒክና ሙያ የሠለጠኑ ወጣቶችም የጠርዙን አስተጣጠፍና የከንፈሩን ከፍታ አንድ ጊዜ ቢማሩት ለአካባቢያቸው በሙሉ ይተርፋሉ።

ከጉብኝቱም ጋር አምስት ጥያቄዎች ቢነሡ ይበቃል። ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? ጣት ሲዳስሰው ይቧጭራል? ራስ ገብቶ በቀላሉ ይወጣል? ገንዳው እስከ የት ተሞልቷል? በመጨረሻ የታጠበውስ መቼ ነው? እነዚህን ለመጠየቅ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

በብድር ዶሮ የገዛች አንዲት እናት ብድሯን የምትመልሰው በእንቁላሉ ነው። የልጆቿ ደብተርና ጫማ ብዙ ጊዜ ከዚያው ይወጣል። ከዶሮዎቿ ግማሹ በማይታወቅ ምክንያት ቢያልቁ፣ ዕዳው ብቻውን ቤት ይቀራል። ስለዚህ መመገቢያ ሲሠራ ርካሽ ነው የሚባለው ገንዘብ ስላልወጣበት ብቻ ሊሆን አይገባም። ርካሽ ሊባል የሚችለው ዶሮዋን በጤና አቆይቶ፣ መኖውን ሳያፈስ፣ ንጹሕ እንቁላል ለቤተሰቡ ሲያደርስ ብቻ ነው። የዶሮ እርባታው ሥራ ከስርጭት ወደ ውጤት እንዲሸጋገር ከተፈለገ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ከመኖው ጋር መመገቢያውንም ሊያዩት ይገባል።